ሕያው ድንጋይና የመርሳው የውሃ አባት

ጅዳ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሽ ሲራጅ፣ መርሳ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ከእርስዎ ጀምሮ እስከ ቦዩ ዳር ማንጎዎች ድረስ ይድረስ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትና ከአንድ ክምር ድንጋይ በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱን ለምጄዋለሁ፤ የድንጋዩን ነገር ግን ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ባለፈው ስደውልልዎ «እሽ፣ እሽ፣ አብሽሪ» ብለው ዘጉብኝ። እኔ እኮ የጠየቅኩዎት «ቦይ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ በምን ይጠፋል?» ብዬ ነበር። የዚህ መልስ «አብሽሪ» ነው እንዴ? ስለዚህ ይሄው ጻፍኩ። ዓሪፍ በቴሌግራም ተቀብሎ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ያትምልዎታል። ዓሪፍ፣ አንተ ደግሞ እንዳታነበው!

የምሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለ። ውሃው የባሕር ነው፣ ጨው። ይንከባከበው የነበረው ሰውዬ አገሩ ሲገባ የቤቱ ጌታ «ዙልፋ እጇ ንጹሕ ነው» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ዓሣዎቹ አሥራ አንድ ናቸው። ከሥራቸው ድንጋይ ተከምሯል፤ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ቦታ ቦታው ወይን ጠጅ ቀለም የተቀባ። ከአንዱ ቀዳዳ አንድ እጁ ብቻ የተለቀ ሸርጣን ብቅ እያለ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ። የዓሣ ሱቁ ሰውዬ ይህን ድንጋይ «ሐጀር ሐይ» ይለዋል፤ ሕያው ድንጋይ ማለት ነው። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ሐይ ነው፣ ሐይ!» ብሎ ሳቀብኝ።

አሁን ይህ ድንጋይ ጠጉር አብቅሏል። አረንጓዴ፣ ረጅም፣ የሚያሙለጨልጭ ጠጉር። ብነቅለው በሳምንቱ ይመለሳል። የቤቱ ጌታ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ለሥራ ውጭ አገር ሲሄድ ምን እንዳለኝ ልንገርዎት፦ «ረመዳን ሳይገባ እመለሳለሁ። ድንጋዩ እንዲህ ሆኖ ከጠበቀኝ ገንዳውንም አስነሣለሁ፣ አንቺንም ለኤጀንሲሽ እመልሳለሁ።» ኤጀንሲ መመለስ ማለት ወደማላውቀው ቤት መጣል ማለት ነው። በፊት የነበርኩበትን ቤት ያውቁታል፤ ስለሱ አልጽፍም።

ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና የዶክተሩ እናት ሐጃ ናጅዋ ብቻ ነን። ሐጃ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከክፍላቸው አይወጡም፤ ምግባቸውን በር ላይ አስቀምጬ ሳህኑን ባዶውን አነሣለሁ። የማማክረው ሰው የለኝም። እርስዎ የውሃ ሰው ነዎት። ምን ላድርግ?

ልጅዎ ዙልፋ

*

መርሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙልፋ፣ ባሕር ማዶ

ወአለይኩም አሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤት፣ ከክፉ ውሃም ይጠብቅሽ። አሚን በይ። እኛ ደህና ነን። ማሽላው እየታጨደ ነው፤ ሽንኩርቱም ተተክሏል።

ስልኩን የዘጋሁት በስልክ ወሬ ስለሚባክን ነው። ጽሕፈት ይሻላል፤ ሰው ሲጽፍ ያስባል። ይኸ ዓሪፍም «ወላሂ አላነበብሁም» ብሎ ማለልኝ፤ ወረቀቱን ሲያቀብለኝ ግን «ጋሽ ሲራጅ፣ ሸርጣኑስ ምን እየበላ ይኖራል?» አለኝ። መልሱን ላኪለት፣ እንቅልፍ አጥቷል።

በይ ስሚኝ። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት የውሃ አባት ነኝ። ማን መቼ እንደሚያጠጣ የምቆርጥ፣ ቦይ የማስጠርግ፣ በውሃ የተጣላ የማስታርቅ። ያንን ያንቺን አረንጓዴ ከነአያቱ አውቀዋለሁ። ዘንድሮም የእኛን ቦይ ውሃ ከምንለቅበት ከላይኛው በር በታች ወሮታል፤ ማን እንደሚያበላሸው እንጃ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ውሃውን ቆርጠን ቦዩን ሦስት ቀን ፀሐይ እናስመታዋለን። አረንጓዴው ደርቆ እንደ ገለባ ይነሣል። አንቺም ድንጋዩን አውጪና ሰገነት ላይ ሦስት ቀን አስጪው። መጀመሪያ በአንዱ ሞክሪው።

«ሕያው ድንጋይ» ስላልሽው ሳቄን ነው የለቀቅሁት። ሐይ የጌታችን ስም ነው፣ አል ሐዩል ቀዩም። ድንጋይ በምን ሥራው ሐይ ይባላል? ነጋዴ ለዕቃው ስም ሲያወጣ አላህን አይፈራም። እዚህም ገበያ አንዱ ጫማውን «ዘላለም» እያለ ይሸጣል፤ ሳምንት አይቆይም። ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሺ ዓመት ቢኖር ዋና አይችልም።

የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ነጭ ጀለቢያ ላኪልኝ፤ የመስኖው ስብሰባ ላይ የምለብሰው።

አጎትሽ ሲራጅ

*

መርሳ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙልፋ

ሰላምታውን ሌላ ቀን አሳምሬ እጽፋለሁ፤ ዛሬ ቸኩያለሁ። ድንጋዩን አታስጪ!

ወደ ወልድያ ስሄድ ሲሪንቃ ወረድሁና የግብርና ምርምር ማዕከሉ በር ላይ ቆምሁ። ቤዛዊት የምትባል የውሃና የአፈር ባለሙያ አለች፤ የእኛን ቦይ መጥታ አይታልን ታውቃለች። ወረቀትሽን አሳየኋት። አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች። «ጋሽ ሲራጅ፣ ልጅቷን ምን አሏት?» ብላ ጻፈችልኝ። «አስጪው አልኋት» አልሁ። እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

ድንጋዩ ራሱ ድንጋይ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ግን ዓይን የማያየው ነፍሳት፣ ትል፣ ምን የመሰለው ሁሉ ይኖራል። የዓሣውን ቆሻሻ እየበላ ውሃውን የሚያጠራው እሱ ነው። ድንጋዩ ከደረቀ ያ ሁሉ ያልቃል፤ ይሸታል፤ ውሃው ውስጥ ከተመለሰ ደግሞ ይመርዛል። እንዲህ አለችኝ።

ስለዚህ ተይው። ምንም አታድርጊ። ይኸ ወረቀት ከእኔ ምክር ቀድሞ ይድረስሽ፣ ያ ረቢ።

አጎትሽ ሲራጅ

(ከዓሪፍ፦ ዙልፋ፣ ከኅዳር 20 ጀምሮ ኔትወርክ አልነበረም። ጋሽ ሲራጅ በቀን ሁለቴ እየመጡ «ሄደ?» ይሉኝ ነበር። የተላከው ታኅሣሥ 7 ነው። አፉ በይኝ።)

*

ጅዳ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሽ ሲራጅ

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰነበቱ? ከእናንተ ድምፅ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነ። ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። በእርስዎ ነው የተቆጣሁት፤ መዋሸት አልችልም።

እንዳሉኝ አንዱን ድንጋይ ሰገነት ላይ አሰጣሁት። ከሰዓት በኋላ ከየቀዳዳው ቀጫጭን ትሎች እየወጡ ወደ ጥላው ይሳቡ ጀመር። እንደ ክር የቀጠነ፣ እግሩ የማይቆጠር ነገር አየሁ፤ ድንጋይ ቤቱ የሆነ። ያ ባለ ትልቅ እጁ ሸርጣንም ወጣ፤ እሱን በጭልፋ አንሥቼ ገንዳው ውስጥ መለስኩት። ያኔ ነበር ማቆም የነበረብኝ። ግን «የውሃ አባት ያለው» ብዬ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ድንጋዩ ነጭ ሆነ፤ አረንጓዴው ተራገፈ። ሽታው ግን አይነገርም፤ ጎረቤት በር አንኳኳ። አጥቤ መለስኩት።

በማግስቱ ውሃው አጓት መሰለ። ዓሣዎቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። የሱቁን ሰውዬ ጠርቼ ግማሹን ውሃ ቀየርን፤ ድንጋዩን አውጥቼ ባልዲ ውስጥ ከተትኩት። ሰማያዊው ዓሣ ግን ሞተ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

አንድ ግራ የገባኝ ነገር አለ። እኔ ስጮህ ሐጃ ናጅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከክፍላቸው ወጡ። እንዴት ከስተዋል! ምግባቸውን ጨርሰው እየመለሱ ለምን እንደሚከሱ አላውቅም። የሞተውን ዓሣ በመዳፋቸው ያዙና «ፊሩዝ» አሉት፤ አለቀሱ። ዓሣው ስም እንዳለው እንኳ እኔ አላውቅም ነበር። ከክፍላቸው የማይወጡት ሴትዮ ከየት አወቁት?

አጎቴ፣ ለመሆኑ ድንጋይ ይሞታል ወይ? ባልዲው ውስጥ ያለውን ባየሁት ቁጥር ሰው የገደልኩ ይመስለኛል። ለረመዳን ሁለት ወር ተኩል ቀርቶኛል።

ዙልፋ

*

መርሳ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙልፋ

ወአለይኩም አሰላም። በመጀመሪያ አፉ በይኝ። ሁለተኛም አፉ በይኝ። የመከርሁሽን መልሼ ልነጥቅ ወረቀት ጽፌ ነበር፤ እንደ ደረሰሽ ዓሪፍ ነገረኝ፤ ከድንጋዩ ሞት በኋላ። ኔትወርኩን አልረግምም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዕውቀቴ የንጹሕ ወንዝና የቦይ ነው፤ የባሕርን ነገር ሳልጠይቅ ፈረድሁ።

በሐይ ስም መሳቄም ሲቆጨኝ ሰነበተ። ሶላት ላይ «ያ ሐዩ ያ ቀዩም» ስል ድንጋይሽ ፊቴ ይመጣል። ሕይወት የእሱ ናት፤ ለወደደው ይሰጣል። ለድንጋይ ቀዳዳ ቢሰጥ እኔ ማነኝና እከለክላለሁ? ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ውስጡ ያለው ድንጋይ ይባል የለ? እኔ ይኸን ተረት ስተርት አርጅቼ ድንጋዩን ከውሃው ነጠልሁት።

የሞተውን አትጣይው። ቤዛዊትን ጠየቅኋት። ባልዲ ውስጥ ውሃውን እየቀያየርሽ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ አቆይው፤ ከዚያ ከሌሎቹ አጠገብ ብታስቀምጪው ሕያዋኑ ይዘሩበታል አለች። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይመለሳል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!

አሁን ደግሞ በማውቀው ልናገር። አረንጓዴው በሽታው አይደለም። አረንጓዴው እንግዳ ነው፤ ምግብ ባለበት ይመጣል። ሽንኩርት ላይ ማዳበሪያ ሲበዛና ውሃ ሲጥለቀለቅ ትርፉ ቦይ ይገባል፤ እሱም ያንን በልቶ ይፋፋል። ብትነቅይው ምግቡ እስካለ ይመለሳል። እኔ ቦይ ላይ አረንጓዴ ሳይ እጄን አልሰድም፤ ሽቅብ እሄዳለሁ። «ከላይ ማን አለ?» ብዬ። አንቺም ሽቅብ ሂጂ። የምትጨምሪው ውሃ ከየት ነው? መብራቱ ስንት ሰዓት ይበራል? ዓሣዎቹን የሚያበላ ማነው፣ ምን ያህል? ያንቺ ገንዳ የላይኛው በር የት እንደሆነ ፈልጊ።

ጀለቢያውን ተይው። ስብሰባው ቀርቷል።

የበደለሽ አጎትሽ ሲራጅ

*

ጅዳ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሽ ሲራጅ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ቁጣዬ ወጥቶልኛል፤ አፉ ብያለሁ። እርስዎም ይተዉት። አሁን የሚጻፍ ነገር በዝቶብኛል።

ሽቅብ ሄድኩ። መብራቱ ከጧት እስከ ማታ ይበራ ነበር፤ በቀን ወደ ሰባት ሰዓት ብቻ አወረድኩት። የጎደለውን ውሃ ከቧንቧ ነበር የምሞላው፤ አሁን የተጣራ ብቻ። ሱቅ ሄጄ ሃያ ትናንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ አመጣሁ፤ ቀኑን ሙሉ አረንጓዴውን ይግጣሉ፣ ከብት ይመስሉኛል። የቀረውን እኔ በጥርስ ብሩሽ እፈትጋለሁ። የጥርስ ሐኪም ቤት ነው፤ ብሩሽ ሞልቷል። ለዓሪፍ ይንገሩት፦ ሸርጣኑ የዓሣዎቹን ፍርፋሪ ነው የሚበላው።

አንድ ሳምንት ያህል ቀነሰ። ደስ አለኝ። ከዚያ ተመለሰ! የዓሣውን ምግብ በቀን አንድ ቁንጥር ብቻ ነው የምሰጠው። ታዲያ ከላይ ማን አለ?

አንድ ቀን ድንጋዩን ስፈትግ ከሥሩ ሩዝ አገኘሁ። የበሰለ ሩዝ። በሌላ ቀን የተምር ልጣጭ። ነገሩ ገባኝና ዙህር ሰግጄ ስጨርስ በኮሪደሩ መጋረጃ ሥር ቆምኩ። ሐጃ ናጅዋ ሳህናቸውን ይዘው ወጡ። ገንዳው ፊት ተቀመጡና ምሳቸውን በጣታቸው እየቆነጠሩ ለዓሣዎቹ ይሰጣሉ። እያንዳንዱን በስም ይጠራሉ። አንዱን «አንተ ስግብግብ፣ ለእህትህ ተውላት» አሉት። ከዚያ ለባላቸው እንደሚያወሩ ያወሩ ጀመር። ገንዳውን ያሠሩት ባላቸው ነበሩ ለካ! ለዚህ ነው ሳህኑ ባዶ የሚመለሰው፣ ለዚህ ነው የሚከሱት። አጎቴ፣ መጋረጃው ውስጥ አለቀስኩ።

ዶክተሩ ትናንት ደውሎ «ምክንያቱ ታወቀ?» አለኝ። «እየፈለግኩ ነው» አልኩት። ዋሸሁ። ብነግረው ሳሎኑን ይቆልፍባቸዋል፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ሁሉን ነገር በቁልፍ ነው የሚፈታው። ካልነገርኩት ድንጋዩ አይጠራም፤ እኔ እሄዳለሁ፤ ገንዳውም ይነሣል፤ እሳቸውም የሚያወሩት ያጣሉ። ሰባት ሳምንት ቀርቶኛል። በየትኛው በኩል ልሂድ?

ልጅዎ ዙልፋ

*

መርሳ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙልፋ

ወአለይኩም አሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወረቀትሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ዓሪፍ አራት ጊዜ ሳያነበው አልቀረም፤ ዓይኑ ቀልቷል።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። በውሃ አባትነቴ በሁለተኛው ዓመት ደምሴ የሚባል ገበሬ ውሃ ሲጠልፍ ደረስሁበት። ከደጋ ወርዶ የሰው መሬት በእኩል የያዘ ሰው ነው። ጎረምሳ ነበርሁ፤ አገር ልሰበስብበት ተነሣሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት የውሃ አባት ያዙኝ። «ስንተኛው ቀን ነው ተራው?» አሉኝ። ብቆጥር ደምሴ ተራ የለውም። ስሙን የጻፈው የለም። «ተራ ያለው ሰው ውሃ አይሰርቅም፤ የሚሰርቀው ተራ የሌለው ነው። ተራ ስጠውና ጠባቂ ይሆንሃል» አሉኝ። ማክሰኞን ሰጠነው። ከዚያ ወዲያ ቦዩን እንደ ደምሴ የጠበቀው የለም፤ ፍየል እንኳ አያስጠጋም ነበር።

ሐጃ ናጅዋ ሌባ አይደሉም፤ ተራ የሌላቸው ሰው ናቸው። የባላቸው ገንዳ ነው፣ ቁንጥሩ ግን ባንቺ እጅ ነው። በይ ተራ ስጫቸው። «አየሁዎት» እንዳትያቸው! አየሁህ የተባለ ሰው ካፈረ በኋላ አይመለስም። የምግቡን ማንኪያ ስጫቸውና «እኔ መጠኑን እየሳትሁ ነው፤ እርስዎ ያብሉልኝ» በያቸው። ምሳቸውንም እዚያው ገንዳው ፊት አብራችሁ ብሉ። አንቺ እያየሽ ሩዙ ወደ አፋቸው ይሄዳል።

አጎትሽ ሲራጅ

(ከዓሪፍ፦ ዙልፋ፣ ይህን ስልክ ላይ ጨምሬ ነው የምልከው። ጋሽ ሲራጅ የውሃ አባትነቱን ለሙጃሂድ ካስረከቡ ዓመት ሊሞላ ነው። ጆሯቸው አልሰማ አላቸው፤ ገበሬው ከታች ሲጣራ ስለማይሰሙ ኮሚቴው አወረዳቸው። ስልክ የዘጉብሽም ስለማይሰሙ ነው። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ አይሄዱም፣ ሰው አያናግሩም፤ የሚመጡት የአንቺን ወረቀት ለመውሰድ ብቻ ነው። እኔ እንዳልነገርኩሽ ሁኚ።)

*

ጅዳ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሽ ሲራጅ፣ ለሁላችንም የውሃ አባት

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን ወረቀት ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ማንኪያዋን ለሐጃ ናጅዋ እንዳሉኝ ሰጠኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዙህር በደረሰ ቁጥር እሳቸው ናቸው «ዙልፋ፣ ተራችን ደረሰ» የሚሉኝ። አንድ ቀን ከማንኪያዋ ትንሽ ጨምሬ ልሰጥ ስል እጄን መቱኝ። «ድንጋዩን ልትገድይው ነው?» አሉኝ፤ ምሳቸውንም እዚያው ይጨርሳሉ። ጉንጫቸው መለስ ብሏል፣ ማሻአላህ።

አረንጓዴው በመጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀንድ አውጣዎቹ ጨረሱት። ሁሉም አልጠፋም፤ ከኋላ አንድ ድንጋይ ላይ ቀርቷል። ዶክተሩ ሳይታሰብ ከትናንት ወዲያ ደረሰ። ሻንጣውን እንደያዘ ገንዳው ዘንድ ሄዶ አጎነበሰ፤ አየው፤ ያቺን የቀረችውን በጣቱ አሳየኝ። «ይሄስ?» አለኝ።

ያኔ ሐጃ ከኋላዬ ተናገሩ። «ሩዝ እየሰጠሁ ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ታውቃለች፤ አንድ ቀን አልተናገረችኝም። እሷ ከሄደች ማንኪያውን ማን ያቀብለኛል?» ለካ እንዳየኋቸው ያውቁ ነበር! ዶክተሩ ሻንጣውን አስቀመጠ። እናቱን ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ያየው አባቱ ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሐጃ የዓሣዎቹን ስም ይነግሩት ጀመር። ውሌ ታድሷል፣ አጎቴ። ገንዳውም አይነሣም።

የሞተው ድንጋይ ሽታው ጠፍቶ ወደ ገንዳው ከተመለሰ አንድ ወር ሆነው። ዛሬ ጧት በባትሪ ሳየው ጎኑ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ወይን ጠጅ ነጥብ አገኘሁ። ሸርጣኑም ከሥሩ ጉድጓድ ይዟል። ቤዛዊትን አላህ ይስጥሽ ይበሉልኝ።

እኔ አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመርሳው ቦይ አረንጓዴ ለቀቀ ወይ? ከላይ ማን አለ? ሌላ ነገር አልጠይቅም። እኔ ግን በወር አንድ ደብዳቤ ካልመጣልኝ አይሆንልኝም፤ ይህ የእርስዎ ተራ ነው። ረመዳኑን በሰላም ያድርስዎት።

ልጅዎ ዙልፋ

*

መርሳ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙልፋ፣ ለባሕር ማዶዋ የውሃ እናት

ወአለይኩም አሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። ለእያንዳንዱ ዓሣሽ አንዳንድ ብዬ አመሰገንሁ። የምስር ፍሬዋንም አልረሳሁም።

ዓሪፍ ነግሮሻል። አውቃለሁ፤ ወረቀት ሲሰጠኝ ዓይኔን ማየት ትቷል። አንቺ ግን «አየሁዎት» አላልሽኝም። እኔ ያስተማርሁሽን በእኔው ላይ ሠራሽበት፤ አላህ ይስጥሽ። አሁን ራሴ ልናገር።

ጆሮዬ ከተደፈነ ሁለት ዓመት አለፈው። አወረዱኝ። ለጀለቢያው ስብሰባ አልነበረኝም፤ ዋሽቼሻለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ከውሃ ጋር ያደረ ሰው ቤቱ መዋል አቃተኝ። እናም በየሐሙሱ ሱብሂ ሰግጄ ማንም ሳያየኝ ወደ ላይኛው በር እወጣና ትንሽ እከፍታለሁ። ለማሳ አይደለም፤ ውሃው እጄ ላይ እንዲሄድ ብቻ። ድሮ ቦዩ መሙላቱን በድምፁ ነበር የማውቀው፤ አሁን አልሰማውም። በሩን እንደ ከፈትሁት ረስቼው ሀሳብ ይወስደኛል። ውሃው የሽንኩርቱን ማሳ ያጥለቀልቅና ማዳበሪያውን ጠርጎ ወደ ቦይ ያወርዳል። አየሽ? ከላይ ማን አለ እያልሁ ስጠይቅሽ ከላይ የነበርሁት እኔ ነኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ! ይኸን የተረዳሁት የሐጃን ሩዝ ካነበብሁ ወዲህ ነው። አፍሬ ሁለት ሐሙስ ቀረሁ። በሦስተኛው አላስቻለኝም፤ ሄድሁ።

ባለፈው ሐሙስ በሩ ላይ አጎንብሼ ሳለሁ ጥላ እጄ ላይ ወደቀ። ዘወር ብል ሙጃሂድ ነው፣ አዲሱ የውሃ አባት። ስንት ጊዜ እንደተጣራ እንጃ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እኔ ምንም አልሰማሁም። የምገባበት ጠፋኝ። ልብሴን ሰብስቤ ልሄድ ስል ክንዴን ያዘኝ። ሕዝብ ሊጠራብኝ ነው አልሁ።

ሙጃሂድ ግን ቁጢጥ አለ። የቦዩን ዳር ጭቃ በመዳፉ አስተካከለና በጣቱ ጻፈ፦ «ሐሙስ ጧት ተራዎ ነው።» ቀና ብሎ አየኝ። ማንበቤን ሲያውቅ ከሥሩ ጨመረበት፦ «ልኩን ያሳዩኝ።» እኔም እንጨት ቆርጬ በሩ ላይ ተከልሁና ውሃው እዚህ ሲደርስ ዝጋ ብዬ በቢላዋ ምልክት አደረግሁበት። ከእንግዲህ በጆሮ ሳይሆን በዓይን ይታያል። የደምሴን ነገር ለሙጃሂድ ነግሬው እንደሁ አላስታውስም፤ ወይ ዓሪፍ ወረቀታችንን ለገበያው አንብቦታል። ይሁን፣ አፉ ብዬዋለሁ።

ጀለቢያውን ላኪልኝ። ከተገኘም ለማይሰማ ጆሮ የሚደረግ ማዳመጫ ከአንድ አዋቂ ጠይቂልኝ፤ ማፈሬን ትቻለሁ። ባይገኝም አትዘኚ፣ ጭቃ ሞልቷል።

ለሐጃ ናጅዋ ከመርሳ ሰላም በያቸው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ነገ ጧት ተራዬ ስለሆነ በጊዜ ልተኛ።

አጎትሽ ሲራጅ